ከሥር ያለ ቢጫ፣ ከላይ ያለ ቢጫ፦ የመጸውን ተፈጥሮ በውሃ ቀለምና በጽሕፈት ቀለም የመሣል ቅደም ተከተል

አጽሕሮተ ጥናት

የመጸውን መልክዓ ምድር በውሃ ቀለምና በጽሕፈት ቀለም መሣልን የሚያስተምሩ መመሪያዎች በአብዛኛው የሚነሡት ቅጠል ከሚረግፍባቸው የሰሜን አገሮች ነው። ይህ መጣጥፍ መመሪያዎቹ የሚከተሉት የሥራ ቅደም ተከተል ከቅጠሉ የቀለም ለውጥና ከማቴሪያሉ ባሕርይ ጋር ያለውን ግንኙነት ይመረምራል። እ.ኤ.አ. በ1296 የተሣለን የቻይና ጥቅል ሥዕል በአብነት ከተመለከተ በኋላ፣ ያው ቅደም ተከተል ለኢትዮጵያ መጸው በየትኛው ጊዜ እንደሚሠራና በየትኛው እንደማይሠራ ያሳያል።

ቁልፍ ቃላት፦ መጸው፣ የውሃ ቀለም፣ የጽሕፈት ቀለም፣ ንብርብር፣ አደይ አበባ

1. መግቢያ

በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት ነው። ጊዜው በሰሜኑ የዓለም ክፍል ቅጠል ከሚረግፍበት ወቅት ጋር በአብዛኛው ስለሚገጥም፣ ሁለቱ በትርጉም ሥራዎች ዘወትር በአንድ ቃል ይጠራሉ። ዓይን የሚያየው ግን የተለያየ ነው። በዚያ አረንጓዴው ያልቃል፣ ዛፉም ይራቆታል፤ በዚህ ሜዳው ያብባል፣ ቀጥሎም አዝመራው ይደርሳል።

የውጭ መመሪያን የሚከተል ተማሪ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ የሜፕል ቅጠል ቢሥል ስሕተቱ በቀላሉ ይታያል፣ በቀላሉም ይታረማል። ለመለየት የሚያስቸግረው ስሕተት በአሠራሩ ውስጥ ያለው ነው፤ የትኛው ቀለም አስቀድሞ እንደሚቀባና የጽሕፈት ቀለሙ መስመር የምስሉን የትኛውን ክፍል እንደሚሸከም የሚወስነው ሥርዓት ራሱ ከአንድ የአየር ጠባይ የተቀዳ ነውና።

በአማርኛ «ቀለም» የሚለው ቃል ለመጻፊያውም ለመቀቢያውም ስለሚያገለግል፣ በዚህ መጣጥፍ የመጀመሪያው «የጽሕፈት ቀለም»፣ ሁለተኛው «የውሃ ቀለም» ተብሏል።

2. የቅጠሉ ለውጥና የንብርብሩ ሥርዓት

በሰሜን አገሮች ቀኑ ሲያጥርና ቅዝቃዜው ሲመጣ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ክሎሮፊል ይበታተናል። አረንጓዴው ሲወገድ አስቀድሞ በቅጠሉ ውስጥ የነበረው ካሮቲኖይድ ይገለጣል፤ ቢጫውና ብርቱካናማው ከዚህ የመጣ ነው። ቀዩ ግን በአብዛኛው ቅጠሉ በዚያው ወቅት አዲስ ከሚሠራው አንቶሳያኒን የሚገኝ ነው። ስለዚህ ቢጫው ከሥር የነበረ፣ ቀዩ በኋላ የተጨመረ ነው።

የውሃ ቀለም ብርሃን አሳላፊ ነው። ብርሃኑ ቀለሙን አልፎ ከነጩ ወረቀት ላይ ተመልሶ ወደ ዓይን ይመጣል፤ በላዩ የሚጨመር እያንዳንዱ ንብርብርም ምስሉን ያጠቁረዋል እንጂ አያነጣውም። ስለዚህ ሥራው ከደማቁ ወደ ጥቁሩ ይሄዳል። የዛፉ ዘውድ በሙሉ በስስ ቢጫ ይቀባል፤ ገና እርጥብ ሳለ ቡናማና ብርቱካናማ ይንጠባጠብበታል፤ ከደረቀ በኋላ ቀዩ ይደረባል፤ ገና ያልተለወጠው ቅጠል ደግሞ በቢጫው ላይ ስስ ሰማያዊ በመደረብ አረንጓዴ ይሆናል። እዚህ ላይ የሥዕሉ ንብርብርና የቅጠሉ ለውጥ ይስማማሉ፤ በሁለቱም ቢጫው መሠረት ነው።

የጽሕፈት ቀለሙ ድርሻም ከዚሁ ይመነጫል። ቅጠሉ ሲሳሳ ግንዱና ቅርንጫፉ ይገለጣሉ፤ በበጋው ቅጠል ተሸፍኖ የነበረው አጥንት የምስሉ ዋና መዋቅር ይሆናል። መመሪያዎቹ ለቅርንጫፍ መስመር ሰፊ ቦታ የሚሰጡት በዚህ ምክንያት ነው።

3. የማቴሪያሉ ባሕርይ

መስመሩ ከቀለሙ በፊት ወይስ በኋላ ይምጣ የሚለውን ጥያቄ የሚወስነው በቅድሚያ የጽሕፈት ቀለሙ ዓይነት ነው። ከጥላሸት የሚሠራው ጥቁር ቀለም በካርቦን ላይ የቆመ ስለሆነ በብርሃን አይደበዝዝም፤ የኢትዮጵያ ጸሐፍት በብራና ላይ የተጠቀሙበት ጥቁርም በዋናነት የዚህ ወገን ነው። ሼላክ የተጨመረበት ዓይነት ከደረቀ በኋላ ውሃ ስለማያሟሟው አስቀድሞ ሊሠመር ይችላል። ለዘመናዊ ብዕር የሚሸጡት አብዛኞቹ ቀለሞች ግን በውሃ ይሟሟሉ፤ በኋላ የሚመጣው ብሩሽ መስመሩን ያሰራጨዋል፣ ቢጫውንም ያቆሽሸዋል። ከብረት ጨውና ከታኒን የሚሠራው ቀለም ደግሞ በዘመን ብዛት ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ አሲዳማ ስለሆነም ወረቀቱን ሊበላው ይችላል።

የውሃ ቀለም የሚጣበቀው በግራር ሙጫ ነው። ሙጫው ከደረቀም በኋላ በውሃ ስለሚሟሟ በደረቀው ንብርብር ላይ ብሩሹ ደጋግሞ ሊፈገፍግ አይገባም። የመጸው ሥዕል ከሁሉ ይልቅ የሚሠጋው ለቀዩ ነው። ከብረት ኦክሳይድ የሚገኙት ቢጫና ቡናማ አፈር ቀለሞች ብርሃንን በእጅጉ ይቋቋማሉ፤ አሊዛሪን ክሪምሰን የተባለው ቀይ ግን በስሱ ሲቀባ ይደበዝዛል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የፀሐይ ብርሃን ብርቱ ስለሆነ ይህ ቸል የሚባል አይደለም። ማንኛውም ተመራማሪ የቀለሞቹን ናሙና በወረቀት ላይ ቀብቶ፣ ግማሹን ሸፍኖ ለጥቂት ወራት በመስኮት አጠገብ በማቆየት ለውጡን ራሱ ሊያረጋግጥ ይችላል።

4. አብነት፦ የጃው ሜንግፉ ጥቅል ሥዕል

ጃው ሜንግፉ (1254–1322 እ.ኤ.አ.) በዩዋን ሥርወ መንግሥት ዘመን የኖረ ባለሥልጣን፣ ጸሐፊና ሠዓሊ ነበር። «የቹዌና የኋ ተራሮች የመጸው ቀለማት» በሚል የሚታወቀው ሥራው ዛሬ በታይፔ በሚገኘው ብሔራዊ የቤተ መንግሥት ሙዚየም ይገኛል። በወረቀት ላይ በጽሕፈት ቀለምና በመቀቢያ ቀለም የተሠራ ጥቅል ሲሆን ቁመቱ 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ ከ90 ሴንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ሠዓሊው ሥራውን ያበረከተው ለወዳጁ ለጆው ሚ ነው። የጆው ሚ የአባቶቹ አገር በሻንዶንግ የሚገኘው የጂናን አካባቢ ሲሆን፣ እርሱ ግን አገሩን አይቶት አያውቅም፤ ጃው ሜንግፉ በዚያ በሹመት አገልግሎ ነበር።

በምስሉ ቀኝ ሾጣጣው የኋ ተራራ፣ በግራ ክቡ የቹዌ ተራራ በሰማያዊ ቆመዋል። በመካከላቸው ረግረግ፣ ሸምበቆ፣ ጎጆዎች፣ ዓሣ አጥማጆችና ፍየሎች ይታያሉ። ወቅቱ የሚነገረው በጥቂት ዛፎች ላይ ባለው ቀይና ቢጫ ነው። አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የጽሕፈት ቀለሙ ነው፤ ረጃጅምና ልል መስመሮች ረግረጉን ያነጥፋሉ፣ ግንዶቹን ያቆማሉ። የመቀቢያው ቀለም በስሱ ስለተቀመጠ መስመሩን አይሸፍነውም። ሞቃቱ ቀለም ጥቂት፣ ቀዝቃዛው ሰማያዊ ሰፊ መሆኑም ቀዩን ያጎላዋል።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የነበሩ የመልክዓ ምድር ሠዓሊዎችም፣ ለምሳሌ ፖል ሳንድቢ፣ ተቀራራቢ ሥርዓት ነበራቸው፤ መስመሩና ግራጫው ጥላ ይቀድሙ ነበር፣ ቀለሙ በላያቸው በስሱ ይከተል ነበር። በሁለቱም ወጎች የቦታውን ቅርጽ የሚጠብቀው መስመሩ ነው፤ የወቅቱን ምልክት የሚያመጣው ቀለሙ ነው።

5. የኢትዮጵያ መጸው፦ ሁለት ጊዜያት

የኢትዮጵያን መጸው ለሥዕል ሥራ በሁለት ከፍሎ ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው የአበባው ጊዜ ነው። አደይ አበባ ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ ሜዳውንና የእርሻውን ዳር ይሸፍናል። እዚህ ቢጫው ከአረንጓዴው ሥር አልተገለጠም፤ በአረንጓዴው ላይ ተጨምሯል። ሠዓሊው ያየውን ቅደም ተከተል ተከትሎ አስቀድሞ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቢጫ ቢቀባ፣ ብርሃን አሳላፊው ቢጫ በአረንጓዴው ውስጥ ይጠፋል።

መፍትሔዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ለአበባው የሚሆነውን ቦታ በቢጫ ቀብቶ ካደረቁ በኋላ አረንጓዴውን በዙሪያው መሙላት ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ውጤቱ ግን ከሁሉ የጠራ ነው። ሁለተኛው ቦታውን ቀለም በማያሳልፍ ፈሳሽ ሙጫ ሸፍኖ በኋላ መላጥ ነው፤ ለብዙ ትናንሽ ነጠብጣቦች ይመቻል፣ ጠርዙ ግን ይደርቃል። ሦስተኛው ብርሃን የማያሳልፍ ጉዋሽ በመጨረሻ ማስቀመጥ ነው፤ ቀላል ቢሆንም በብዛት ከተጠቀሙበት የወረቀቱ ብርሃን ይዘጋል። የሩቁ ተዳፋት አንድ ወጥ ቢጫ መስሎ ስለሚታይ በስስ ቢጫ ቀብቶ በአረንጓዴ መሰበር ይበቃዋል፤ የቅርቡ አበባ ግን የግድ ቦታው ሊጠበቅለት ይገባል።

የጽሕፈት ቀለሙም ቦታውን መለወጥ አለበት። የተራቆተ ቅርንጫፍ የለምና መስመሩ በድንጋይ ካብ፣ በግንባሩ ባሉት የአበባ አገዳዎችና በግራሩ ጠፍጣፋ ዘውድ ላይ ይወሰናል። እያንዳንዱን አበባ በጥቁር መክበብ ቢጫውን ያከብደዋል።

ሁለተኛው የአዝመራው ጊዜ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፉና ስንዴው ሲደርሱ አረንጓዴው ከተክሉ ራሱ ይወጣል። በዚህ ጊዜ የሰሜኑ ቅደም ተከተል እንዳለ ይሠራል፤ ማሳው በሙሉ በቢጫ አፈር ቀለም ይነጠፋል፣ ቡናማው ይከተላል፣ የጤፉ ዘለላ በደረቅ ብሩሽ ይጫራል፣ ክምሩና አውድማው በመስመር ይቆማሉ።

6. ማጠቃለያ

የሰሜኑ መመሪያ ለኢትዮጵያ ሠዓሊ የሚጠቅመው በኅዳር ነው፤ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ያሳስተዋል። ልዩነቱ የሚመጣው ቢጫው በተክሉ ላይ ካለው ቦታ ነው። ስለዚህ በሥዕል ትምህርት ቤት የሚሰጥ የመጸው ልምምድ ከቀለም ምርጫ በፊት በአንድ ጥያቄ ሊጀምር ይገባል፦ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ሳምንት፣ ቢጫው ከአረንጓዴው ሥር ነው ወይስ በላዩ? የንብርብሩ ቅደም ተከተልና የመስመሩ ድርሻ ከመልሱ ይከተላሉ። አንድን ማሳ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በየሁለት ሳምንቱ ከአንድ ቦታ ሆኖ መሣልና የእያንዳንዱን ሥራ ቅደም ተከተል መመዝገብ ይህን ሐሳብ ለመፈተን የሚበቃ የድኅረ ምረቃ ሥራ ነው።