ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ጉበታቸውን ስለሚጠብቁበት መንገድ

ጉበት በስተቀኝ ከጎድን አጥንት ሥር የሚገኝ ትልቅ የአካል ክፍል ነው። ከምግብ የተገኘውን ስኳር ያከማቻል፤ ባስፈለገም ጊዜ ለደም ይመልሳል። ቢታመም ግን ሕመሙን ቶሎ አያሰማም።

አንደኛው ዐይነት የስኳር በሽታ የሚደርሰው ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ሲያቅተው ነው። በካናዳ አገር፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ ጥር 3 ቀን 1914 ዓ.ም. ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ከመወጋቱ በፊት፣ በሽታው የያዘው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞት ነበር። ዛሬ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው አድጎ፣ ሠርቶ፣ ልጆች ወልዶ ይኖራል። ስለዚህ ዐይኑንና ኩላሊቱን እንደሚጠብቅ ሁሉ ጉበቱንም ሊጠብቅ ይገባዋል።

በእነዚህ ሰዎች ጉበት ውስጥ የሚከማቸው ነገር ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ስብ ነው፤ ሰውነት ሲወፍር፣ ይልቁንም ወገብ ሲሰፋ ይበዛል። ለብዙ ዓመታት ሲቆይ ጉበትን ሊያቆስልና ቁስሉም ጠባሳ እየሆነ ሊያጠጥረው ይችላል። ሁለተኛው የስኳር ክምችት ነው፤ የደም ስኳር ለረጅም ጊዜ ከልክ በላይ ሲቆይ ይደርሳል። ይህም ጉበትን ያሳብጣል፤ የደም ስኳር በሥርዓት ሲያዝ ግን እብጠቱ ይመለሳል። ሁለቱ በአልትራሳውንድ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ፣ ለይቶ መናገር የሐኪም ሥራ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት «ጉበትህ ስብ ይዟል» የተባለ ሰው ደንግጦ ኢንሱሊኑን ሲተው ነው። ስብ የሚጎዳው በዓመታት ነው፤ ኢንሱሊን ማጣት ግን በጥቂት ቀናት ይገድላል።

እንግዲህ የሚከተሉትን እንመክራለን።

1ኛ. ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኢንሱሊንን አለመቀነስ፣ አለማቋረጥም።

2ኛ. በእግር መሄድ። አያትን በመሰለ በከተማው ጫፍ በሚገኝ ሰፈር የምንኖር ሰዎች የቀኑን ብዙ ክፍል በወንበርና በመኪና ላይ እናሳልፋለን። ከታክሲ ወይም በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው የከተማ ባቡር አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ መራመድ ይጠቅማል። የደም ስኳር ድንገት ቢወርድ የሚቀመስ ከረሜላ ወይም ስኳር ከኪስ አይጥፋ።

3ኛ. ከአረቄ፣ ከጠጅና ከመሳሰሉት መራቅ። መጠጥ ጉበትን ከመጉዳቱም በላይ ስኳር ለደም እንዳይመልስ ያግደዋል።

4ኛ. «ጉበት ያጥባል» የሚባል፣ መጠኑ ያልታወቀ መድኃኒት አለመጠጣት።

5ኛ. በቀጠሮ ቀን የጉበት ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪምን መጠየቅ።

መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸውና ለወላጆች ቢያስረዱ፣ በፍርሃት ምክንያት መድኃኒቱን ሊተው የነበረውን ሰው ከሞት ያድናሉ።