የቤተ መጻሕፍት በር ለወላጆችም ክፍት ነው

ትምህርታዊ ጽሑፍ ለወላጆችና ለልጅ አሳዳጊዎች



በካምፕ ኑሮ ቤተ መጻሕፍት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ለፈተና የሚዘጋጁ ወጣቶች ጸጥ ብለው የሚያጠኑበትን ክፍል ነው። ትንንሽ ልጆችን ይዞ የሚገባበት፣ ተረት የሚነገርበትና መዝሙር የሚዘመርበት ቦታ ሊሆን እንደሚችል አናስብም። በተለይም ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ እናቶችና አባቶች «ቤተ መጻሕፍት የተማረ ሰው ቦታ ነው፤ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?» ይላሉ። ይህ ትምህርት ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ማንበብ የምትችሉ ሁሉ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ ጮክ ብላችሁ እንድታነቡላቸው በትሕትና እንጠይቃለን።

1. የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የማን ነው?

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) ስለ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያውን መግለጫ ያወጣው በ1949 ነው። በ1994 ተሻሽሎ የወጣው መግለጫ እንደሚለው፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት የሚሰጠው በዕድሜ፣ በዘር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ በቋንቋና በኑሮ ደረጃ ልዩነት ሳይደረግ ለሁሉም በእኩልነት ነው። «በዜግነት» የሚለውን ቃል ስደተኛ የሆነ ሰው ልብ ሊለው ይገባል። ይኸው መግለጫ የቤተ መጻሕፍትን ዋና ዋና ተግባራት ሲዘረዝር በአንደኛ ቁጥር ያስቀመጠው ልጆች ከትንሽነታቸው ጀምሮ የማንበብ ልማድ እንዲኖራቸው ማድረግን ነው።

በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 17 ላይ አገሮች የልጆች መጻሕፍት እንዲዘጋጁና እንዲሰራጩ እንዲያበረታቱ ያሳስባል። በአንቀጽ 29 ላይ ደግሞ ትምህርት ልጁ ለወላጆቹ፣ ለባህሉና ለቋንቋው አክብሮት እንዲኖረው የሚያደርግ መሆን እንዳለበት ይገልጻል። ስለዚህ መጽሐፍና የአፍ መፍቻ ቋንቋ ለልጅ የቅንጦት ነገሮች አይደሉም።

ቤተ መጻሕፍት ለመሆን የግድ ትልቅ ሕንፃ አያስፈልግም። የኬንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በ1996 በጋሪሳ አካባቢ ለሚኖሩ አርብቶ አደሮች መጻሕፍትን በግመል ማድረስ ጀምሯል። ሥራው ሲጀመር የነበሩት ግመሎች ሦስት ብቻ ነበሩ። መንገድ በሌለበት በረሃ መጽሐፍ በግመል ጀርባ ከደረሰ፣ በካምፕ ውስጥም በአንድ ሳጥንና በአንድ ምንጣፍ መጀመር ይቻላል ማለት ነው።

2. የልጆች መጽሐፍ ከመማሪያ መጽሐፍ በምን ይለያል?

የመማሪያ መጽሐፍ ልጁን ያስተምረዋል፤ ቀጥሎም ይጠይቀዋል፤ መልሱም ልክ ወይም ስህተት ይባላል። የልጆች የተረት መጽሐፍ ግን ፈተና የለውም። በየገጹ ትልቅ ሥዕል አለ፤ ጽሑፉ ጥቂት ነው፤ አንዳንድ ቃላት ደጋግመው ስለሚመጡ ልጁ በቶሎ ይይዛቸዋል። ገና ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ሥዕሉን እያየ ታሪኩን ሊናገር ይችላል። አንዳንድ ወላጅ ይህን ሲያይ «ይህ ንባብ አይደለም፤ በቃሉ ነው የሚለው» ብሎ ያስቆመዋል። ይሁን እንጂ ማስቆም አይገባም። ልጁ በዚያን ጊዜ መጽሐፍ ከየት እንደሚጀመር፣ ገጽ እንዴት እንደሚገለጥ፣ ታሪክ መነሻና መድረሻ እንዳለው እየተማረ ነው።

ልጅ አንድን መጽሐፍ አሥር ጊዜ ቢጠይቅም አይግረማችሁ። አዋቂ ሰው ታሪኩን አንዴ ከሰማ ይበቃዋል፤ ልጅ ግን በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ቃል ያገኛል።

3. የቤተሰብ ፕሮግራም እንዴት ይካሄዳል?

በብዙ አገሮች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን «የተረት ሰዓት» ያዘጋጃሉ። ሕፃናት በእናት ወይም በአባት ጭን ላይ፣ ከፍ ያሉት ደግሞ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። ሠራተኛዋ ሰላምታ በሆነ መዝሙር ትጀምራለች፤ አንድ ወይም ሁለት መጽሐፍ ሥዕሉን ወደ ልጆቹ አዙራ ታነባለች፤ በመካከሉ ልጆቹ ያጨበጭባሉ፣ በጣት የሚሠራ ጨዋታ ይጫወታሉ። ሁሉም ነገር ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ መጽሐፍ ተውሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወላጁ ልጁን በር ላይ ትቶ አይሄድም፤ ፕሮግራሙ ለእርሱም የተዘጋጀ ትምህርት ነውና።

እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ከጨቅላነት ጀምሮ ሊሆን እንደሚችል ያሳየው አንዱ ምሳሌ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ በ1992 የተጀመረው ነው። በመጀመሪያ 300 ለሚሆኑ ቤተሰቦች ለጨቅላ ልጆቻቸው መጽሐፍ በነፃ ታደለ። በኋላም ሥራው በመላው አገሪቱ ተስፋፋ።

የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በ2004 ወላጆችን ለማስተማር አንድ ፕሮግራም ጀመሩ። ፕሮግራሙ በ2011 ሲሻሻል ወላጅ ከልጁ ጋር ሊያደርጋቸው የሚገባው አምስት ነገሮች ናቸው ተባለ፤ እነርሱም መነጋገር፣ መዘመር፣ ማንበብ፣ መጻፍና መጫወት ናቸው። እነዚህን አምስት ነገሮች ከራሳችን ኑሮ ጋር እናስተያይ።

ሀ) መነጋገር፦ ሽሮ ስታማስሉ፣ ውኃ ስትቀዱ፣ ልብስ ስታጥቡ የምትሠሩትን ለልጁ መንገር።
ለ) መዘመር፦ እሹሩሩ ማለት፣ የበዓል ዘፈኖችን ከነጭብጨባቸው ማስተማር። ዘፈን ቃልን ቆራርጦ ስለሚያሰማ ልጁ ድምፆችን መለየት ይማራል።
ሐ) ማንበብ፦ የሥዕል መጽሐፍ አብሮ ማየት።
መ) መጻፍ፦ በጣት አሸዋ ላይ «ሀ» እና «ለ» መሣል፣ የልጁን ስም በከሰል መጻፍ።
ሠ) መጫወት፦ ገበጣ፣ እንቆቅልሽ፣ ዕቃ ዕቃ።

ከአምስቱ አራቱ ማንበብ የማይችል ሰው ሊያደርጋቸው የሚችሉ ናቸው። «መጻፍ» የተባለውም ቢሆን ለትንሽ ልጅ መስመርና ክብ በመሣል ይጀምራል። የቀረው አንዱ ማንበብ ነው፤ ስለ እርሱም ቀጥሎ እንመለከታለን።

4. ማንበብ የማይችል ወላጅስ?

በ1988 ግሮቨር ዋይትኸርስት የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ሁለት የወላጆች ቡድኖች ሁለት ዓመት ገደማ ለሆናቸው ልጆቻቸው ለአንድ ወር ያነቡ ነበር። አንደኛው ቡድን እንደ ልማዱ አነበበ። ሁለተኛው ቡድን ግን እያቋረጠ እንዲጠይቅ፣ የልጁን መልስ እንዲጠብቅና በመልሱ ላይ ጥቂት ቃል እንዲጨምር ተምሮ ነበር። ከወሩ በኋላ የሁለተኛው ቡድን ልጆች ሐሳባቸውን በቃል በመግለጽ በልጠው ተገኙ። ሁለቱም ቡድኖች መጽሐፍ አንብበዋል፤ ልዩነቱን ያመጣው ጥያቄውና መልሱ ነው።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። «እንቆቅልህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «ምን አውቅልህ?» የሚለውን ምላሽ ይጠብቃል። ልጁ ካላወቀው «አገር ስጠኝ» ይለዋል። «ተረት ተረት» ብሎ የሚጀምር አያትም ልጆቹ መልስ ካልሰጡት ተረቱን አይቀጥልም። ይህ የአያቶቻችን ዘዴ ከመጽሐፍ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚመስል በሚከተለው ምሳሌ እንመልከት። እናትየዋ ፊደል አልቆጠረችም፤ የያዘችው መጽሐፍ የእንግሊዝኛ ነው፤ ልጅዋ አራት ዓመትዋ ነው።

እናት፦ የኔ እመቤት፣ ይህ ምንድን ነው?
ልጅ፦ አህያ።
እናት፦ ጎበዝ፤ ግራጫ አህያ ነው። ምን ተሸክሟል?
ልጅ፦ ውኃ።
እናት፦ አዎን፣ በሁለት ጀሪካን ውኃ ተሸክሟል። ወዴት የሚሄድ ይመስልሻል?
ልጅ፦ ወደ ቤት። እማዬ፣ ደክሞታል እኮ!
እናት፦ በምን አወቅሽ?
ልጅ፦ ጆሮው ወድቋል።

እናትየዋ አንድም ፊደል አላነበበችም። ልጅዋ ግን «ግራጫ» እና «ጀሪካን» የሚሉትን ቃላት ሰማች፤ ሥዕልን አይታ ምክንያት መስጠት ተማረች። ይህች ልጅ ትምህርት ቤት ስትገባ መጽሐፍ አያስፈራትም። እዚህ ላይ ዋናው ነገር ጠይቆ ዝም ማለት፣ መልሱን መጠበቅ ነው። መልሱ ቢዘገይ መቆጣት፣ ቢሳሳትም መሳቅ አይገባም።

5. በየትኛው ቋንቋ?

በኬንያ ካምፖች የሚማሩ ልጆቻችን ትምህርታቸውን የሚከታተሉት በእንግሊዝኛና በኪስዋሂሊ ነው። ከጎረቤት ጋር ሲጫወቱ ደግሞ ሌላ ቋንቋ ይሰማሉ። ይህ ሀብት እንጂ ጉዳት አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው ወላጅ «አማርኛ አይጠቅመውም» ብሎ በማያውቀው ቋንቋ ልጁን ለማነጋገር ሲሞክር፣ ወይም ጨርሶ ዝም ሲል ነው። ያን ጊዜ ልጁ የሚሰማው የተቆራረጠ ቋንቋ ይሆናል። ዓመታት ሲያልፉም እናት የልብዋን የምትነግርበት፣ ልጅም የደረሰበትን የሚያስረዳበት ቃል ያጣሉ። በአንድ ቤት እየኖሩ አስተርጓሚ መፈለግ ከስደት ላይ ሌላ ስደት ነው። ከላይ የተጠቀሰው የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ፕሮግራምም ወላጆች ይበልጥ በሚችሉት ቋንቋ ልጆቻቸውን እንዲያነጋግሩ ይመክራል፤ በአንድ ቋንቋ የጠና ልጅ ሌላውን ለመማር መሠረት ይኖረዋልና።

በዚህ ረገድ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የሠሩት ሥራ ሊጠቀስ ይገባዋል። አቶ ዮሐንስ ራሳቸው ስደተኛ ሆነው በሱዳን በኩል ወደ አሜሪካ የሄዱ ሰው ናቸው። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ሲሠሩ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ አለመኖሩን ተመለከቱ። በመሆኑም የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አድርገው በ2002 አሳተሙ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም በ2003 በአዲስ አበባ በሾላ አካባቢ በራሳቸው መኖሪያ ቤት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ከዚያም በአዋሳ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጻሕፍት ለልጆች እንዲደርሱ አደረጉ። የመጽሐፉ መነሻ እናቶችና አያቶች በቃላቸው የሚያወሩት ተረት መሆኑን ልብ በሉ።

6. መጽሐፍ ከሌለ እንሥራ

የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ በእጃችሁ ከሌለ በቀላሉ መሥራት ይቻላል። አሠራሩ የሚከተለው ነው።

ሀ) አራት ወረቀት ደርባችሁ ከመካከል እጠፉ። 16 ገጽ ይወጣዋል። በመታጠፊያው ላይ በመርፌና በክር ስፉት፤ ለሽፋን የካርቶን ቁራጭ ተጠቀሙ።
ለ) እናት፣ አባት ወይም አያት አንድ አጭር ተረት ይናገሩ። መጻፍ የሚችለው ታላቅ ልጅ በየገጹ አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጻፍ።
ሐ) ትንንሾቹ ሥዕሉን ይሣሉ። ሥዕሉ ባያምርም ግድ የለም።
መ) በሽፋኑ ላይ ተረቱን የነገረው፣ የጻፈውና የሣለው ሰው ስም ይጻፍ።
ሠ) መጽሐፉን በካምፑ ቤተ መጻሕፍት ወይም በሕፃናት መዋያው አስቀምጡት፤ ሌሎች ቤተሰቦችም የየራሳቸውን ያምጡ።

እንዲህ ሲደረግ ፊደል ያልቆጠረችው እናት ስምዋ በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ይጻፋል። ልጅዋም እናቱን እንደ ደራሲ ያያታል። ይህ በልጁ ልብ ውስጥ የሚተወው ነገር ቀላል አይደለም።

7. ወደ ሌላ አገር ለሚሄዱ ቤተሰቦች

ለሠፈራ ወደ አሜሪካ የምትሄዱ ቤተሰቦች በምትደርሱበት ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የት እንዳለ ጠይቁ። የተረት ሰዓት በነፃ ነው። የአባልነት ካርድም ለከተማው ነዋሪ ብዙውን ጊዜ በነፃ ይሰጣል፤ መታወቂያና አድራሻን የሚያሳይ ወረቀት ሊጠየቅ ይችላል። ልጆችም በወላጅ ፊርማ የራሳቸውን ካርድ ያወጣሉ።

አንዳንድ ወላጆች «መጽሐፍ ቢዘገይ ዕዳ እንገባለን» ብለው በመፍራት ልጆቻቸውን መዋስ ይከለክላሉ። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ግን ለዘገየ መጽሐፍ ያስከፍሉት የነበረውን መቀጫ አንስተዋል፤ ለምሳሌ ቺካጎ በ2019፣ ሲያትል በ2020፣ ኒው ዮርክ በ2021። የጠፋ መጽሐፍ ግን ሊያስከፍል ስለሚችል በቤት ውስጥ ለተዋሳችሁት መጽሐፍ አንድ የታወቀ ቦታ መመደብ ይጠቅማል። ትንሽ ልጅ ገጽ ቢቀድም መጽሐፉን ደብቃችሁ አታስቀሩ፤ ወስዳችሁ ለሠራተኛው አሳዩ።

ማጠቃለያ

ልጅን አንባቢ የሚያደርገው የወላጅ የትምህርት ደረጃ ብቻ አይደለም። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ከልጁ ጋር ተቀምጦ የሚጠይቅ፣ የሚያዳምጥና የሚመልስ ሰው ካለ ሥራው ግማሽ ተሠርቷል። የቀረውን ግማሽ መጽሐፉና ትምህርት ቤቱ ይሠሩታል። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ልጃችሁ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲሄድ ብቻውን አትላኩት፤ አብራችሁት ግቡ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በልጅነታችሁ ተረት የነገራችሁ ማን ነበር? ያን ተረት ለልጆቻችሁ ነግራችኋል?
2. ልጆቻችሁ በቤት ውስጥ በየትኛው ቋንቋ ይመልሱላችኋል? ለምን ይመስላችኋል?
3. በአካባቢያችሁ በሳምንት አንድ ቀን የተረት ሰዓት ለመጀመር ማን ተረት ይነግራል? ማን ይጽፋል? የት ይደረጋል?