የመርከብ መዝገብና የአገው አባቶች መንገድ

በመርከብ ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ሰዎች የልጅ ልጆች፣ አያታቸው በየትኛው ወደብ እንደ ወረደ ለማወቅ ሲፈልጉ መዝገብ ያገላብጣሉ። በ1819 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የወጣው ሕግ፣ የመርከቡ አዛዥ የተሳፋሪውን ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራና የመጣበትን አገር ጽፎ ለወደቡ ሹም እንዲያስረክብ ያዝዝ ነበር። በኒውዮርክ ወደብ የሚገኘው ኤሊስ ደሴት ብቻውን ከ1892 እስከ 1954 ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው ተቀብሏል።

ከእኛ አገር የወጣው አገው ግን የሄደው በእግሩ ነው፤ በተከዜ መሻገሪያ ተቀምጦ ስሙን የመዘገበ ጸሐፊ አልነበረም። እንዲህም ሆኖ በከረን አካባቢ የሚኖሩት ብሌኖች፣ በተለይም ቤት ታርቄ የሚባሉት፣ አባታችን ከላስታ መጣ ይላሉ። በእንጅባራ ዙሪያ ያሉት የአዊ ሰባት ቤት አገዎችም ሰባቱ አባቶቻቸው ወንድማማች እንደ ነበሩና ከላስታና ከዋግ ወገን እንደ መጡ ይተርካሉ።

ለዚህ ምስክሩ ምንድን ነው? አንደኛው ቋንቋ ነው። ሊዎ ራይኒሽ የተባለው የቪየና ሊቅ ስለ ብሌን ቋንቋ በ1882፣ ስለ እኛው ኽምጣና ደግሞ በ1884 መጻሕፍት አሳትሟል። ስድስት የሚለውን ቍጥር ኽምጣና ዋልታ፣ ብሌን ወልታ፣ የአዊዎቹ አውኚ ውልታ ይሉታል። ይህ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች መሆናቸውን ያሳያል እንጂ ማን ከማን ዘንድ እንደ ሄደ አይናገርም። ደግሞም አውኚ ከሌሎቹ እጅግ የራቀ ስለ ሆነ፣ መለያየቱ ትረካው ከሚያስበው ዘመን የቀደመ ይመስላል። ትረካው ሐሰት ነው ለማለት ግን አልደፍርም፤ በኋላ ዘመን የመጡ ጥቂት ቤተ ሰቦች ከነባሩ ሕዝብ ተቀላቅለው ታሪካቸውን አውርሰውት ይሆናል።

የሚያስገርመው፣ ከአሮጌዎቹ የጽሑፍ ምስክሮች አንዱ የተገኘው በወደብ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ ጽሑፍ ገልብጧል፤ ንጉሡ ከወጋቸው ሕዝቦች መካከል የአገው ስም ይነበባል። ነገር ግን የሕዝብ እንጂ የሰው ስም አይደለም፤ አያቱን ለሚፈልግ አይበቃም።

የሰው ስም ያለው በሽማግሌዎች አፍ ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቈጥሩ አዛውንት፣ ኤሊስ ደሴት ያልጻፈውን ይዘዋል። በእኛ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ጊዜ፣ ዋግ የወሎ ክፍል ሳለ፣ ከወሎ ብዙ ሺህ ሰው ወደ መተከልና ወደ ሌሎች የሰፈራ ቦታዎች ተወስዷል። እዚያ የተወለዱት ልጆች አንድ ቀን ይጠይቃሉ፤ ቈጣሪው አዛውንት ግን ምናልባት ያን ጊዜ አይኖርም።

ስለዚህ ጓደኞቼ በዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ደብተር ያዙ። ሰባቱን ስም በተራ ጻፉ፤ በእያንዳንዱም ስም ጎን የተወለደበትን መንደርና የተቀበረበትን ደብር አኑሩ። የመንደሩንም ስም አያታችሁ በኽምጣና እንደሚጠሩት እንጂ በካርታ እንዳያችሁት አትጻፉት።