ያልተከደነው ጕድጓድ

አንድ ሰው ጕድጓድ ቆፍሮ ሳይከድነው ቢተወውና በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት፥ ባለ ጕድጓዱ የከብቱን ዋጋ ለጌታው እንዲከፍል እግዚአብሔር በሊቀ ነቢያት በሙሴ አድሮ መፍረዱ በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 ከቍጥር 33 እስከ 34 ተጽፎ ይገኛል። ሕጉ መቆፈርን አልከለከለም፤ ዕዳ ያደረገው አለመክደንን ነው።

ይህን ቃል ያነሣንበት ምክንያት በሆሳዕና፥ በሾኔና በዱራሜ ያሉ ምእመናን ሊቲየም ስለሚባለው ማዕድን ስለ ጠየቁን ነው። ስሙ «ሊቶስ» ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ሲሆን ድንጋይ ማለት ነው። ከብረታ ብረት ሁሉ የሚቀል፥ የኤሌክትሪክ ኀይል በሚያከማቹ ባትሪዎች ውስጥ የሚገባ ማዕድን ነው። መንግሥታችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፥ በባትሪ የሚሄደው መኪና በከተሞቻችን በዝቷል። አየሩ ከጢስ መንጻቱ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ጢሱ ከከተማ ሲወጣ ትቢያው ወደ ማን ደጅ እንደሚሄድ መጠየቅ ይገባል።

በአገራችን ይህ ማዕድን መኖሩ በተለይ የታወቀው በጉጂ ምድር፥ ቀድሞ ታንታለም ይወጣበት በነበረው በቀንጢቻ ነው። በቺሌና በአርጀንቲና ሊቲየም የሚገኘው የጨው ውሃ በፀሐይ እየተነነ ነው፤ በቀንጢቻ ግን እንደ አውስትራሊያ ያለው ከዐለት ጋር ተዋሕዶ ነው። ዐለቱ ይፈነቀላል፥ ይፈጫል፥ ከዚያም ከ1000 ዲግሪ በሚበልጥ እሳት ተጠብሶ በሰልፈር አሲድ ይሠራል። ከብዙው ዐለት የሚፈለገው ጥቂቱ ስለ ሆነ፥ የቀረው ዝቃጭ በዚያው በሰፈሩ ይከመራል።

«ድንጋያችን ይቆፈር፤ ወጣቱ ሥራ ያግኝ» የሚሉትን አንነቅፍም። ከሐዲያና ከከምባታ ስንት ልጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ በመንገድ እንደ ቀረ ሟቹን ያለቀስንለት እኛ እናውቃለን። ማዕድን መቆፈርም ኀጢአት አይደለም፤ እግዚአብሔር ለእስራኤል የሰጣትን ምድር ሙሴ ሲያመሰግን ብረት ያለበትን ድንጋይዋንና መዳብ የሚቆፈርበትን ተራራዋን ጨምሮ ነው (ዘዳ. 8፥9)።

ነገር ግን በዚያው በጉጂ፥ በሻኪሶ አጠገብ የሆነውን እንመልከት። በለገደምቢ የወርቅ ማውጫ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ በሰውና በከብት ላይ ጕዳት ደረሰብን ብሎ ለብዙ ጊዜ አቤት አለ። በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ሲታደስ ሕዝቡ በአደባባይ ተቃወመ፥ መንግሥትም ፈቃዱን አገደ፤ ሥራው እንደ ገና የተፈቀደው ከዓመታት በኋላ ነው። ሰሚ ጆሮ አስቀድሞ ቢገኝ ኖሮ ቍጣው እዚያ ባልደረሰ ነበር ብለን እናምናለን።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕ አካባቢን መብት አድርጓል፥ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ለተፈናቀለና ኑሮው ለተነካ ሰውም ካሣ ደንግጓል። ጥያቄው የካሣው ልክ ነው። የእኛ አገር ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ እንሰት እንደ ጤፍ በዓመት የሚታጨድ አይደለምና። እናት ተክላው ታሳድገዋለች፥ እስኪፋቅ ድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከጓሮ የተነቀለ እንሰት በአንድ ዓመት መከር ዋጋ ቢመዘን ሚዛኑ ሐሰተኛ ነው። በጉጂም የአርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬትና ውሃ እንዲሁ በአንድ ቀን ገበያ የሚተመን አይደለም።

ባለ ጕድጓዱስ ማን ነው? አንዳንዱ ቈፋሪው ኩባንያ ብቻ ነው ይላል። እኛ ግን ፈቃድ ሰጪውንም፥ በአዲስ አበባ ያለ ጢስ የሚሄደውንም፥ በባሕር ማዶ ባትሪውን የሚገዛውንም ከዕዳው ነጻ አናደርግም፤ ሆኖም መጀመሪያ የሚጠየቀው አካፋ ያነሣው ነው።

ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከበዓለ ሆሳዕና ነው። በዚያ ቀን ፈሪሳውያን ደቀ መዛሙርቱን ገሥጽ ባሉት ጊዜ ጌታችን የመለሰላቸው ስለ ድንጋዮች መጮኽ ነበር (ሉቃ. 19፥40)፤ እረኛውና ገበሬው ዝም በሚሰኙበት ስፍራ ይህን ማስታወስ ለካህን ይገባዋል።

ስለዚህ ካህናት በየአጥቢያችሁ ስለዚህ ነገር ስትጠየቁ፥ ጕድጓዱ የሚከደንበት ገንዘብ ቍፋሮው ሳይጀመር መቀመጡንና የውሃው ምርመራ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ መነበቡን ጠይቁ። የዝቃጩንም ነገር አትርሱ፤ ኦሪት ዋጋውን ካስከፈለች በኋላ የሞተውን በድን ራሱን ለባለ ጕድጓዱ ትታለታለችና፥ ለጎረቤቱ አይደለም።