ነባር የንድፍ ፕሮግራምን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ስለ ማሠራት

ለሕንፃ፥ ለፋብሪካና ለመለዋወጫ ዕቃ ንድፍ የሚያወጡ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች እንደ ማናቸውም ሸቀጥ ይገዛሉ፥ ይሸጣሉ። ይሁን እንጂ ፕሮግራም ብቻውን የሚቆም ዕቃ አይደለም። የተዘጋጀለት ኮምፒዩተር ሲያረጅና ከገበያ ሲጠፋ የብዙ ዓመት ድካም የፈሰሰባቸው ንድፎች ተቈልፈው ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ ይህን ዐይነት ዕቃ የሚያስመጣም ሆነ የሚገዛ ነጋዴ የነገሩን ሥር ማወቅ ይገባዋል።

የችግሩ መነሻ

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከባድ የንድፍ ሥራ የሚሠራው ወርክስቴሽን በሚባሉ ብርቱ ኮምፒዩተሮች ነበር። ሰን፥ ሲሊከን ግራፊክስ፥ ሂውሌት ፓካርድና አይ ቢ ኤም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፕሮሰሰርና የየራሳቸውን የዩኒክስ ዐይነት ይዘው ለገበያ ቀረቡ። ፕሮሰሰር የሚረዳው ለእርሱ የተዘጋጀውን የትእዛዝ ቋንቋ ብቻ ስለ ሆነ ለአንዱ የተሠራው ፕሮግራም ለሌላው አይገባውም።

በ1982 የወጣው አውቶካድ እስከ 13ኛው እትሙ ድረስ በዶስም በዩኒክስም ይሠራ ነበር። በ1997 የወጣው 14ኛው እትም ግን ለዊንዶውስ ብቻ ተዘጋጀ። ከዚህም የተነሣ የዩኒክስ ደንበኞች በአሮጌው እትም መቅረት ወይም መሣሪያቸውን መለወጥ ግድ ሆነባቸው።

የኤርባስ ትምህርት

ነገሩ ለትልልቆቹም አልቀለለም። ኤርባስ ኤ 380 የተባለውን አውሮፕላን ሲሠራ የሐምቡርግ መሐንዲሶች የካቲያን 4ኛ እትም፥ የቱሉዝ መሐንዲሶች ደግሞ 5ኛውን እትም ይዘው ነበር። ሁለቱ እትሞች በሚገባ ስላልተግባቡ ከሐምቡርግ የመጡት የሽቦ ጥቅሎች ሲገጠሙ ርዝመታቸው አልበቃም። በአንዱ አውሮፕላን ውስጥ የሚዘረጋው ሽቦ 530 ኪሎ ሜትር ያህል ነበርና እርማቱ ቀላል አልሆነም። የአውሮፕላኑ ርክክብ ሁለት ዓመት ያህል ዘገየ። በ2006 የበላዩ ኩባንያ እስከ 2010 ድረስ ከሚጠበቀው ትርፍ 4.8 ቢሊዮን ዩሮ ያህል እንደሚጐድል አስታወቀ።

ሦስት መንገዶች

1ኛ፤ አሮጌውን መሣሪያ ጠብቆ ማቈየት ነው። ለጊዜው ርካሽ ነው፤ መለዋወጫው ግን እያደር ይጠፋል። የብዙ ፕሮግራሞች ፈቃድም ከአንዱ ኮምፒዩተር መለያ ቍጥር ጋር የታሰረ ነው። በአሮጌዎቹ የሰን ወርክስቴሽኖች ይህ ቍጥር የሚቀመጠው ባትሪ ባለው ትንሽ ቺፕ ውስጥ ስለ ሆነ ባትሪው ሲያልቅ ቍጥሩ ይጠፋል፤ ፕሮግራሙም አልከፈትም ይላል።

2ኛ፤ ኢሙሌተር በተባለ ፕሮግራም አዲሱን ኮምፒዩተር እንደ አሮጌው ሆኖ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ለምሳሌ የዶስን ፕሮግራሞች ዶስቦክስ ያሠራቸዋል። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ የድሮዎቹን ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞች በቀጥታ ስለማይቀበል ይህ መንገድ እጅግ ይጠቅማል።

3ኛ፤ ንድፎቹን ዲ ኤክስ ኤፍ ወይም ስቴፕ ወደ መሳሰለ የጋራ መለዋወጫ ቅርጽ ማዛወር ነው። ስቴፕ ከ1994 ጀምሮ የታወጀ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። ሆኖም የዕቃው ቅርጽ ቢተላለፍም ንድፉ ደረጃ በደረጃ የተሠራበት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በስተኋላ ይቀራል፤ በዚህም ምክንያት ኋላ ማሻሻል ያስቸግራል።

ለነጋዴው የሚጠቅም ጥንቃቄ

ገዢው ዋጋ ከመቍረጡ አስቀድሞ ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ፕሮሰሰርና የስርዓተ ክወናውን እትም በጽሑፍ ይጠይቅ። ፈቃዱ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ይዛወር እንደ ሆነ በውሉ ያስገባ። በኮምፒዩተሩ የኋላ መሰኪያ ላይ የሚገባ የፈቃድ ቍልፍ ካለ፥ አዲሱ መሣሪያ ያ መሰኪያ እንዳለው ያረጋግጥ። በመጨረሻም ከራሱ ንድፎች አስቸጋሪውን መርጦ በአዲሱ ኮምፒዩተር ያስከፍት፤ ልኩንም ከአሮጌው ጋር መስመር በመስመር ያስተያይ። በስክሪን ላይ ማማሩ ለልኩ ትክክለኛነት ምስክር አይሆንም።

ሻጭም ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ቢያስረዳ ደንበኛውን ያተርፋል። ከሁሉ በላይ ግን የማዛወሩ ሥራ አሮጌው መሣሪያ ገና በሚሠራበት ጊዜ መጀመር አለበት፤ ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህም ይሠራልና።