ያለ ፈቃድ የሚበረረው አውሮፕላን

በአሜሪካ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት «ክፍል 103» የተባለው የበረራ ደንብ አንድ የሚገርም ነገር ይፈቅዳል፤ ያለ አብራሪነት ፈቃድ መብረር! አውሮፕላኑንም ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ባለሞተሩ አልትራላይት ግን ባዶ ክብደቱ ከ254 ፓውንድ (115 ኪሎ ገደማ) በታች፣ ነዳጁ ከ5 ጋሎን ያልበለጠ፣ መቀመጫውም አንድ ብቻ መሆን አለበት።

ችግሩ እዚህ መቀመጫው ላይ ነው። አስተማሪው የት ይቀመጥ? ተማሪው አስቀድሞ በሌላ ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ካልተለማመደ የመጀመሪያ በረራውን ብቻውን ሊያደርግ ነው።

ደግሞ ቀላል ነገር፣ በመካኒክስ እንደተማርነው፣ ኢነርሺያው ትንሽ ነው፤ የዚህ አውሮፕላን ድራግ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ድንገት ቢጠፋ ፍጥነቱ ወዲያው ይወርዳል። አብራሪው አፍንጫውን ቶሎ ወደ ታች ካላደረገ ክንፉ የማንሳት ኃይሉን ያጣል። ገና ከመሬት ሲነሳ ከሆነ ደግሞ ለማስተካከል የሚበቃ ከፍታ የለውም።