የሕክምና ምርምር ሥነ ምግባር፦ ፈቃድ እንዴት ይጠየቃል? ወጪውንስ ማን ይሸፍናል?

መግቢያ

እንደሚታወቀው በየዓመቱ የአረምና የአጨዳ ወራት ሲደርስ ከወገራ፣ ከዳባት፣ ከደባርቅና ከሌሎችም የጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ቁጥራቸው የበዛ ወጣቶች ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ለቀን ሥራ ይወርዳሉ። ከእነዚህም መካከል አንዳንዶቹ የካላዛርን በሽታ ይዘው ይመለሳሉ። የበሽታው መንሥኤ ሊሽማኒያ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ ሲሆን የሚያስተላልፈውም የአሸዋ ዝንብ ነው። በሽተኛው ለረጅም ጊዜ ትኩሳት ይኖረዋል፣ ሰውነቱ ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል፤ ካልታከመም አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። የኤች.አይ.ቪ. ቫይረስ በደሙ ውስጥ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ሕክምናው ይከብዳል፤ በሽታውም ያገረሻል።

የተሻለ መድኃኒት ማግኘት የሚቻለው በምርምር ነው፤ ምርምሩም በመጨረሻ ሰው ላይ መካሄዱ አይቀርም። ታዲያ ከቀዬው ርቆ የታመመ፣ ገንዘብ የሌለው፣ ምናልባትም ማንበብና መጻፍ የማይችል ወጣት በምርምር እንዲሳተፍ ሲጠየቅ «እሺ» ቢል ቃሉ በእርግጥ ፈቃድ ነውን? ባዮኤቲክስ ወይም የሥነ ሕይወት ግብረ ገብ የሚባለው የጥናት ዘርፍ ከሚመረምራቸው ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደንቦቹ ከየት መጡ?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የናዚ ሐኪሞች በእስረኞች ላይ በፈጸሙት ግፍ ምክንያት በ1947 የኑረምበርግ ደንብ ወጣ። ደንቡ የተሳታፊው በፈቃደኝነት የሚሰጥ ስምምነት ፍጹም አስፈላጊ መሆኑን ደነገገ። በ1964 የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የሄልሲንኪን መግለጫ አወጣ። ሆኖም ደንብ መውጣቱ ብቻውን በቂ አልነበረም። በአሜሪካ በተስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 በተካሄደው ጥናት ቂጥኝ የያዛቸው 400 ያህል ጥቁር አሜሪካውያን ሕመማቸው በትክክል ሳይነገራቸው ለክትትል ብቻ ተይዘው ቆዩ። ፔኒሲሊን ፈዋሽነቱ ከታወቀ በኋላ እንኳ አልተሰጣቸውም።

ይህ ከተጋለጠ በኋላ በ1979 የወጣው የቤልሞንት ዘገባ ሦስት መርሆዎችን አስቀመጠ። እነርሱም ሰውን ማክበር፣ በጎ ማድረግ (ጉዳትንም መቀነስ) እና ፍትሕ ናቸው። በአገራችንም ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ ያለ ሲሆን አምስተኛው እትም በ2014 ወጥቷል።

ከጎንደር የተገኘ ትምህርት

ከ2014 እስከ 2015 ድረስ በጎንደርና በአብደራፊ ካላዛርና ኤች.አይ.ቪ. በአንድነት ባለባቸው ሕሙማን ላይ የመድኃኒት ሙከራ ተካሂዶ ነበር። አንደኛው ወገን አምቢሶም የተባለውን መድኃኒት ብቻ፣ ሌላው ወገን ደግሞ አምቢሶምን ከሚልቴፎሲን ጋር አጣምሮ ወሰደ። የመጀመሪያው ዙር ላላዳናቸው ሁለተኛ ዙር ተሰጥቶ በ58ኛው ቀን ውጤቱ ሲታይ፣ ጥምር መድኃኒት ከወሰዱት 88 ከመቶ፣ አንዱን ብቻ ከወሰዱት ግን 55 ከመቶ ከተውሳኩ ነጻ ሆነው ተገኙ። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ለምሥራቅ አፍሪካ ጥምሩን ሕክምና የሚደግፍ መመሪያ አወጣ።

በእንዲህ ዓይነቱ ጥናት ማን የትኛውን መድኃኒት እንደሚወስድ የሚወሰነው በዕጣ ነው። ዕጣን ለገበሬ ማስረዳት ቀላል ይመስላል፤ እቁብ የማያውቅ የለምና። ነገር ግን ምሳሌው ያሳስታል። በእቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው እንደሚጠቀም አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ቀሪውም ተራውን ይጠብቃል። በመድኃኒት ሙከራ ግን የትኛው መድኃኒት እንደሚሻል ተመራማሪው ራሱ በእርግጠኝነት አያውቅም፤ ቢያውቅማ ዕጣ መጣሉ ተገቢ ባልሆነ ነበር። ይህን ያልተረዳ በሽተኛ «ሐኪሙ ለእኔ የሚበጀውን መረጠልኝ» ብሎ ቢፈርም ፊርማው ሙሉ ፈቃድ ሊባል አይችልም። እንግዲህ ዋናው ነገር ቅጹ መፈረሙ ሳይሆን ነገሩ መረዳቱ ነው።

ከወላይታ የተገኘ ትምህርት

በወላይታ አካባቢ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባል የእግር እብጠት በሽታ አለ። የበሽታውን የዘር ተጋላጭነት ለማጥናት ያሰቡ ተመራማሪዎች ደም ከመውሰዳቸው በፊት ነዋሪውን ስለ ጉዳዩ ጠየቁ። ሕዝቡም አንድ ሥጋት ገለጸ፤ በሽታው በዘር ይመጣል ከተባለ ቀድሞም የሚገለሉት ቤተሰቦች ይብሱን ይገለላሉ የሚል ነበር። በ2009 የታተመው ይህ ቅድመ ጥናት የፈቃድ አጠያየቁ ከአካባቢው ሁኔታ ጋር እንዲስማማ ረዳ። የዘር ጥናቱ ውጤትም በ2012 ታትሟል። ከዚህ የምንማረው ጉዳት በመርፌ ብቻ የሚመጣ አለመሆኑን ነው። የሰውን ክብር የሚነካ ወሬም ጉዳት ነው፤ ይህንንም ከተመራማሪው ይልቅ ነዋሪው አስቀድሞ ያየዋል።

ገንዘቡስ?

ነዋሪን ማወያየት፣ ቅጽን በአማርኛ በሚገባ ማዘጋጀት፣ የገምጋሚ ኮሚቴ አባላትን ማሠልጠን ወጪ ይጠይቃል። በ1990 የሰው ልጅ ጂኖም ፕሮጀክት በአሜሪካ ሲጀመር ከበጀቱ ከ3 እስከ 5 ከመቶ የሚሆነው ለሥነ ምግባር፣ ለሕግና ለማኅበራዊ ጉዳዮች ጥናት እንዲውል መደረጉ ጥሩ አርአያ ነው። በአፍሪካ ብዙው የሕክምና ምርምር የሚካሄደው በውጭ ገንዘብ ሲሆን፣ ከላይ የተጠቀሰውን የካላዛር ሙከራ ያካሄደው ዲ.ኤን.ዲ.አይ. የተባለው ድርጅትም መቀመጫው ጄኔቫ ነው።

የውጭ ገንዘብ በራሱ ነውር የለበትም። ትርፍ የማያስገኝ የድሆች በሽታ ያለ እርሱ ተመራማሪ ባላገኘ ነበር። ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ከፋዩና ፈራጁ አንድ እንዳይሆኑ ነው። የገምጋሚ ኮሚቴው ህልውና በሚገመግመው ፕሮጀክት ገንዘብ ላይ ከተመሠረተ «ይህ ጥናት አይፈቀድም» ለማለት አቅም ያጣል። ለተሳታፊው የሚሰጠውም ክፍያ እንዲሁ ነው። የመጓጓዣና የጠፋ የሥራ ቀን ማካካሻ ተገቢ ሲሆን፣ ችግረኛውን ፈቃዱን እስኪሸጥ የሚያማልል ክፍያ ግን ተገቢ አይደለም። ጥናቱ ካለቀ በኋላ ፈዋሽ ሆኖ የተገኘው መድኃኒት ለአካባቢው ሕዝብ መድረሱም በቅድሚያ መታሰብ ያለበት የፍትሕ ጥያቄ ነው።

ትምህርትን ወደ ሕዝብ ማውረድ

ለዚህ ጎንደር የቆየ ልማድ አላት። በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን ወደ ወረዳዎች እየላከ ያሠለጥን ነበር። ስለ ክትባትና ስለ ንጹሕ ውሃ የሚያስተምር የተማሪ ቡድን፣ በምርምር የሚጠየቅ ሰው ምን መብት እንዳለው ጨምሮ ቢያስተምር ብዙ ተጨማሪ ወጪ የለውም። ሊያስተምር የሚገባውም ይህን ነው፦ እንቢ ማለት ይቻላል፤ ጀምሮ ማቋረጥም ይቻላል፤ እንቢ ያለ ሰው መደበኛ ሕክምናውን አይነፈግም፤ የተወሰደው ደም ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅም መብት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ማንበብ የማይችል ሰው በጣት አሻራው ቢፈርም፣ ነገሩን መረዳቱ በምን ይታወቃል?
2. የቤተሰብ ኃላፊ ወይም የአገር ሽማግሌ ፈቅዶ ግለሰቡ እንቢ ቢል የማን ቃል ይጸናል? ለምን?
3. በሠፈራችሁ የደም ናሙና የሚወስድ ጥናት ቢመጣ ከመስማማታችሁ በፊት የትኞቹን ሦስት ጥያቄዎች ትጠይቃላችሁ?